ዋንጫውን የተቀበለው አማካይ

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ላጫውታችሁ ነው። «የስፖርት ወሬ ለሬዲዮ ነው፣ እዚህ ምን ይሠራል?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ከኳስም ያልፋል።

የመነሻዬን ነገር ልንገራችሁ። የሰው ታሪክ አጻጻፍ በምንማርበት ኮርስ ከድሮ ስፖርተኞች አንዱን መርጠን እንድንጽፍ ታዘዝን። አብዛኛው ሰው ወደ ፔሌና ወደ ማራዶና ሮጠ። እኔ ደግሞ ከእነሱም በፊት ወደነበረ አንድ የኡራጓይ ሰው ሄድኩ። ስሙ ሆሴ ሌአንድሮ አንድራዴ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1901 ሳልቶ በምትባል ከተማ የተወለደ ጥቁር ኡራጓያዊ ነው። በ1924 ፓሪስ ላይ፣ በ1928 አምስተርዳም ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። በ1930 ሞንቴቪዴኦ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ባለቤት ሆኗል። ፈረንሳዮች ፓሪስ ላይ ሲያዩት «ጥቁሩ ተአምር» ብለው ስም አወጡለት። ያን ሁሉ ክብር ያየ ሰው እ.ኤ.አ. በ1957 እዚያው ሞንቴቪዴኦ በድህነት ሞተ።

ስለ አንድራዴ ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የእኛስ? መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ አገሩን ለዋንጫ ያበቃ የእኛ ሰው ማነው? ዶርም ውስጥ ላሉት ጓደኞቼ ጥያቄውን ቀለል አድርጌ አቀረብኩላቸው። «ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አምበሉ ማን ነበር?» አልኩ። ሁለቱ መንግስቱ ወርቁ አሉ። አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ አለ። ሌላው ከአልጋው ሳይነሣ «አምበሉማ ጃንሆይ ነበሩ» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። የሞድሪችን የጫማ ቁጥር የሚያውቁ ልጆች ናቸው እኮ!

አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። የመሀል ሜዳ ሰው፣ የአስመራ ልጅ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ የዘመኑ ጋዜጠኞች እንግሊዝኛውን ተከትለው «ሉሲያኖ» ይሉታል። ሰፈራችን ውስጥ የአሰብን መንገድ ሲመላለሱበት የኖሩ ጡረታ የወጡ ሹፌር አሉ። ስሙን እንደዚያ ብዬ ስጠራ ሰሙና «ልጄ፣ ሉቻኖ በል። አስመራም፣ ድሬዳዋም፣ አዲስ አበባም እንደዚያ ነው የሚጠራው» አሉኝ። ጣሊያንኛውም ወደዚያው ይቀርባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሉቻኖ ነው።

ወደ ሰውየው ከመግባቴ በፊት ግን አማካይ ማለት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ላስረዳ። ዛሬ «ተከላካይ አማካይ»፣ «አጥቂ አማካይ» እያልን እንከፋፍላለን። በአንድራዴ ጊዜ አሰላለፉ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ነበር። ሁለት ተከላካይ ከኋላ፣ ሦስት ሀፍ መሀል ላይ፣ አምስት አጥቂ ከፊት። አንድራዴ ከሦስቱ ሀፎች የቀኙ ነበር። ክንፍ ይዞ የሚመጣውን አጥቂ ያስቆማል፣ ኳሱን ይቀማል፣ ከዚያ ለራሱ አጥቂዎች ያቀብላል። እ.ኤ.አ. በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ተቀየረና አጥቂዎች ቀለላቸው። በዚህ ጊዜ የመሀሉ ሀፍ ወደ ኋላ ተስቦ ሦስተኛ ተከላካይ ሆነ። በ1958 ደግሞ ብራዚል በአራት፣ ሁለት፣ አራት አሰላለፍ ዓለምን ስታሸንፍ መሀል ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አስቡት፣ ለሦስት የነበረው ሥራ ለሁለት! ሉቻኖ ዋንጫውን ያነሣው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። መሀል ሜዳ በዚያ ጊዜ ሰው የሚያንስበት፣ ሥራ የሚበዛበት ቦታ ነበር። መሀል ላይ ያለው ሰው ጎልም ያገባል ተብሎ ይጠበቅበታል።

ሉቻኖ የተወለደው በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አስመራ ነው። ወሩን ልብ በሉ። የፋሺስት ጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ለመውረር ኤርትራ ላይ እየተከማቸ የነበረበት ክረምት ነው። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መረብን ተሻገረ። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። እንዲህ ያሉ ልጆች በዚያ ዘመን አስመራ ውስጥ ብዙ ነበሩ፤ «ክልስ» ይባሉ ነበር። የፋሺስቱ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በቅኝ ግዛቶቹ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይኖሩ በሕግ ከለከለ። በ1940 ሌላ ሕግ ተጨመረበት። ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳያስመዘግብ ታገደ። ልጁ ለአገሬው ሕዝብ ይቆጠር፣ እናት ታሳድገው ተባለ። ሉቻኖ በዚያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ወንድሙ ኢታሎ የተወለደው ደግሞ በዚያው በ1940 ነው። እናንተ የመታወቂያ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ስትመላለሱ የተማረራችሁ ሁሉ፣ መንግሥት ራሱ አባት የለህም ብሎ የጻፈበትን ልጅ አስቡት።

ታዲያ ልጁ ኳስ ይዞ ወጣ። አስመራ ላይ ኳሱም እንደ ሰፈሩ የተከፋፈለ ነበር፤ የጣሊያኖች ቡድን ለብቻ፣ የሐበሾች ለብቻ። ክልሶቹ ሁለቱም ጋ የማይገቡ ስለሆኑ የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ስሙም ስቴላ አስማሪና፣ የአስመራ ኮከብ ማለት ነው። ሉቻኖ የጀመረው እዚያ ነው። ጎን ለጎን መካኒክነት ይሠራ ነበር። ኳስ እንጀራ አይሆንም በሚባልበት ዘመን ይህ የሚያስገርም አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጣሊያንኛ ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ርዕስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» ብሎታል። ርዕሱን ብቻ አይቼ ብዙ የገባኝ መሰለኝ።

ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሃድ ኳሱም አብሮ ተዋሃደ። ሐማሴንና አካለ ጉዛይ የሚባሉ የኤርትራ ቡድኖች የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ውስጥ ገብተው ዋንጫ ወስደዋል። የብሔራዊ ቡድኑም ግማሽ ጎኑ ከአስመራ የሚመጣ ሆነ። እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ከአስመራ ተነስቶ በመቀሌና በወልድያ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው አውራ ጎዳና ደሴን በመሀል ሰንጥቆ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ በኮምቦልቻ ነው የሚያልፈው። ከኮምቦልቻ ደግሞ ወደ አሰብ ወደብ ይገነጠላል። የመንገዱ ወሬ ሁሉ፣ የኳሱም ጭምር፣ በእኛ በኩል ያልፍ ነበር። ሹፌሩ አባታችን የአስመራን ሜዳዎች እንደ ሆጤ ሜዳ ነው የሚያውቋቸው።

ሉቻኖ አስመራ ላይ ከስቴላ በኋላ በሌሎች ክለቦችም ተጫወተና ወደ ድሬዳዋ ወረደ። የሄደበት ቡድን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ነው፤ ሰው «ኮተን» ብሎ ነው የሚጠራው። ኮተን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በተደጋጋሚ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ ኃይለኛ ቡድን ነበር። እዚህ ላይ የፋብሪካ ኳስ ምን እንደነበር መረዳት ያስፈልጋል። የዛሬው ዓይነት የፊርማ ገንዘብ የለም። ፋብሪካው ለተጫዋቹ ሥራ ይሰጠዋል፣ ደመወዙ የሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ይወጣል። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ፋብሪካ ለከተማ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሲረኑ ሲጮህ ከተማው ሁሉ ሰዓቱን የሚያስተካክልበት ነገር ነው። እንዲህ ባለ ከተማ የፋብሪካው ቡድን የሁሉም ቡድን ነው፣ ተጫዋቹም ጎረቤት ነው። በእኔ አስተያየት የዚያ ዘመን ቡድኖች ጉልበት አንዱ ምንጭ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲጀመር የመጡት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ወጣች። የእሷ ተጋጣሚ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው ላይ ግን ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣችን። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ለግብፅ 4 ለ 0፣ ለሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተሸነፍን። በሁለት ውድድር አንድም ጎል አላገባንም ማለት ነው! ሦስተኛውን ውድድር አዲስ አበባ ስታዘጋጅ ብዙ ሰው ምን ጠብቆ ይሆን?

ውድድሩ በጥር 1954 ዓ.ም. ተካሄደ። ተካፋዮቹ አራት ናቸው፦ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዩጋንዳ፣ እና «የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ» የተባለችው ግብፅ። ሶርያ ከኅብረቱ ከወጣች ወራት ቢቆጠሩም ግብፅ ስሙን አልጣለችውም ነበር። የቡድናችን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካቋቋሙት አንዱ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 ፕሬዚዳንቱ የሆኑ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፍን።

ፍጻሜው ጥር 13 ቀን እሑድ ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። የሚካኤል ታቦት የገባው ገና በዋዜማው ነው። ከተማው በዓል ላይ ነበር ማለት ይቻላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የገቡትን አሥራ አንድ ሰዎች ስም ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም አንድ ላይ ተጽፈው አያጋጥሙም። ግብ ጠባቂ ጊላ ሚካኤል ተስፋማርያም። ከዚያ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረመድኅን፣ ግርማ ተክሌ፣ መንግስቱ ወርቁ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ ጌታቸው ወልዴ። ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ትግርኛው፣ አማርኛው፣ እስላሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ጣሊያንኛው ሁሉ አለበት።

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ አብደል ፈታህ አገባ። ይህ 1 ለ 0 እስከ 74ኛው ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ጮኾ ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ደቂቃ ያው ባዳዊ ደግሞ አገባ። እስቲ አስቡት፤ ለሰባ አራት ደቂቃ የጠበቅከው ጎል አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትደሰትበት ሲነጠቅ! ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ይወድቃል። ካርቱምና ካይሮ ያለቀለት ቡድንማ ሊወድቅ ይገባው ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ሉቻኖ አገባ። ሁለት ለሁለት።

እኔ ከአራቱ ጎሎች የምመርጠው ይህንን ነው። የኢታሎ ጎል አስመራችን፣ የመንግስቱ ጎል ዘጋው። የሉቻኖ ጎል ባይኖር ግን ሁለቱም አይኖሩም። አምበሉ፣ የመሀል ሜዳው ሰው፣ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ፊት ወጥቶ ጨዋታውን አተረፈው። ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተገባ። በ101ኛው ደቂቃ ታናሽየው ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግስቱ ወርቁ። አራት ለሁለት ተጠናቀቀ። መንግስቱ በውድድሩ ሦስት ጎል አግብቶ ከባዳዊ ጋር እኩል ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በነገራችን ላይ አንድራዴና ጓደኞቹ በ1930 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አርጀንቲናን ያሸነፉት በ4 ለ 2 ነው፤ እነሱም ሲመሩ ቆይተው ነው የተነሡት።

ጃንሆይ ዋንጫውን ለሉቻኖ አስረከቡት። ይህን ፎቶግራፍ ያያችሁት ካላችሁ ደግማችሁ እዩት። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከዙፋናቸው አውርዶ ያሰደዳቸው ንጉሠ ነገሥት፣ በወረራው ዋዜማ ከጣሊያን አባት ለተወለደ ልጅ የአገራቸውን ዋንጫ ሲሰጡ። በዚያች ቀን የማን ልጅ ነህ የሚለው ጥያቄ ስታዲየሙ ውስጥ ቢነሣ መልሱ ቀላል ነበር።

ከስታዲየሙ ውጪ ግን ቀላል አልነበረም። የኤርትራ የትጥቅ ትግል የተጀመረው ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፣ ከዋንጫው አምስት ወር በፊት። ፌዴሬሽኑ የፈረሰው ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው፣ ከዋንጫው አሥር ወር በኋላ። ያ የጥር እሑድ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ያለ ቀን ነው። ስለ 1954ቱ ዋንጫ ብዙ ዝግጅቶችን አዳምጫለሁ። ይህን ቀን መቁጠሪያ አጠገቡ የሚያስቀምጥ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ሁሉም ወደ «ያ ወርቃማ ዘመን» ይሮጣል። ወርቃማ ከሆነ ታዲያ ለምን ተሰበረ? ለጋዜጠኛ ይህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይመስለኛል።

ሉቻኖ ከዚያ በኋላም ለኢትዮጵያ መጫወቱን ቀጠለ። በጥር 1960 ዓ.ም. ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በአስመራ ሲዘጋጅ የ32 ዓመት ሰው ሆኖ አሁንም ቡድኑ ውስጥ ነው። ዩጋንዳን፣ አይቮሪኮስትንና አልጄሪያን አሸንፈን፣ በግማሽ ፍጻሜው በተጨማሪ ሰዓት ለኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፍን። ኮንጎዎች ዋንጫውን ወሰዱ። ኳስ ሲያቆም ወደ ማሠልጠን ገባ፣ ብሔራዊ ቡድኑንም ያሠለጠነበት ጊዜ አለ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ቀይ ሽብር ብዙ ሰው በበላበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሉቻኖ በጅቡቲ በኩል አገር ጥሎ ወጣ። የተጠጋው ጣሊያን ነው። ሕጓ አባት ነሥታው የነበረች አገር በስተርጅና መጠጊያ ሆነችው። ከሮማ ወጣ ብሎ ባሕር ዳር ባለችው ኦስቲያ ለልጆች እግር ኳስ ያስተምር ነበር። እዚያ ያሠለጠናቸው ልጆች ጎረቤታቸው ያሉት ሽማግሌ ከንጉሥ እጅ ዋንጫ የተቀበሉ መሆናቸውን ስንቶቹ ያውቁ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ። በሞቱ ዜና ላይ አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ አንዱ ኤርትራዊ፣ አንዱ ጣሊያናዊ እያለ ጻፈ። ክፍል ውስጥ ይህን አንሥቼ ስንከራከር አንድ ጓደኛችን «አንዱን መምረጥ አለብህ፣ ዜና ግልጽ መሆን አለበት» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ሦስቱንም ብትጽፈው ምን ይጎድላል? አንድ መስመር ቢጨምር ነው» አለችው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። አስመራ የተወለደ፣ ለኢትዮጵያ የተጫወተ፣ ጣሊያን የኖረ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሁሉም እውነት ነው፣ ቦታም አይፈጅም። አንዱን ብቻ መርጠን የጻፍን ቀን እኛም እንደዚያ እንደ 1940ው ሕግ ከሰውየው መዝገብ ላይ የሆነ ነገር መሰረዛችን ነው።

ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ሄድን፣ በ2014 ካሜሩን። ዋንጫ ግን ያ የጥር 13ቱ ብቻ ነው። ዋንጫው ራሱ የመጀመሪያው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በነበሩት በግብፃዊው አብደል አዚዝ አብደላ ሳሌም ስም የተሰየመ ነበር። ደንቡ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አገር ለዘለዓለም ያስቀረዋል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሉቻኖ በተሰደደበት ዓመት፣ ጋና ለሦስተኛ ጊዜ አሸንፋ አስቀረችው።